ልቡን የት ቢያንኳኩት ይመልሳል?

ለወልቂጤ ከተማ ነዋሪዎች፣ ለጉብሬ መንገደኞች፣ ጉዳዩ ለሚመለከታቸውም ለማይመለከታቸውም ሁሉ፦ ዶክተር ፈቃደ ዛሬ ሐሙስ ጠዋት ቀይ መነጽር አድርገው ታይተዋል። መነጽሩ ሰፊ ነው፤ መስተዋቱ የበሰለ ቲማቲም ይመስላል። ዶክተሩ በገበያው መካከል አልፈው፣ ሙዝ ገዝተው፣ እጅ ለነሳቸው ሁሉ እጅ ነስተው ወደ ሆስፒታላቸው ገብተዋል። ከሆስፒታሉ በኩል የተሰጠ መግለጫ የለም። ሕዝቡ ግን መግለጫ ሲያጣ ራሱ ማውጣት ያውቅበታልና እስከ ረፋድ ሦስት አውጥቷል፦ አንደኛው፣ ዶክተሩ ዓይናቸውን ታመዋል፤ ሁለተኛው፣ ስዊድን አገር ሲማሩ የለመዱት የሐዘን ልብስ ነው፤ ሦስተኛውን ብናልፈው ይሻላል፣ ዶክተሩ ገና አላገቡም።

እውነቱ ከሦስቱም የባሰ ነበር። በጨለማ ክፍል ውስጥ የሰውን ልብ በራጅ የሚያይ ሐኪም ዓይኑን ለጨለማ አስቀድሞ ማልመድ አለበት። ግማሽ ሰዓት ያህል ዓለምን በቀይ እያየ ይቆያል። ከዚያ መስኮቱ ሲዘጋ መነጽሩን ያወልቃል፤ ሌላው ሰው የገዛ እጁን በማያይበት ቦታ እሱ የሚንቀሳቀስ ጥላ ያያል።

የዚያን ቀን ጥላ የተረፈ ልብ ነበር።

ተረፈን ላላወቃችሁት፦ ቡታጅራ ጂኦግራፊ የሚያስተምር፣ ቀጭን፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። አባቱ በቡኢ አጠገብ የግራዝማች ሀብተጊዮርጊስ ጭሰኛ ነበር፤ እናቱ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ዛሬም እዚያው መሬት ላይ ትኖራለች። በዚያ ቤት ወንድ ታሞ አይሞትም፣ ይወድቃል። አያቱ እንሰት ሲተክል ጉድጓዱ ላይ ወደቀ። አባቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በገዛ ደጁ ላይ ወደቀ። አጎቱ ደግሞ እየሳቀ ሳለ ወደቀ፤ ሳቁን አልጨረሰውም። አገሩ ምክንያቱን ያውቃል፦ «ጉርዳ የያዘው ቤት ነው» ይላል። ከቅድመ አያቶቻቸው አንዱ የጉርዳን መሐላ ምሎ፣ እጁን ሰጥቶ ቃሉን በላ፤ ስለዚህ የዘሩ እጅ አንዴ ከያዘ አይፈታም፣ ልቡም ቀድሞ ይጠራል። የዚያን ቤት ሬሳ የሚገንዙ ሰዎች ጣቶቹን አይነኩም ይባላል። ይዘው ያስቀሯቸው እንደሆነስ?

ታዲያ መስቀል ባለፈ ሰሞን፣ በአዳብና ዕለት፣ የቡኢ ገበያ በወጣት ዘፈን ሲናወጥ ተረፈ የተናኘወርቅን እጅ ያዘ። መያዙስ ባልከፋ፤ ቀኑ የዚያ ነው። ጎረምሳ ይይዛል፣ ልጃገረድ ታቀረቅራለች፣ አንድ ትልቅ ሰው «ልቀቅ እንግዲህ» ይላል፣ ይለቃል። ችግሩ ተናኘወርቅ የግራዝማች ልጅ መሆኗ ነው። «ልቀቅ» ያሉትም ራሳቸው ግራዝማች ነበሩ። ተረፈ ዓይን ዓይናቸውን እያየ አልለቀቀም። ዘፈኑ ቆመ። «ልቀቅ ብዬሃለሁ!» አሉ። አልለቀቀም። ሁለት ሰዎች ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲያላቅቁ፣ ተናኘወርቅ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ፈርታም ደስ ብሏትም አታውቅም።

ወደ ሥራዋ፣ ወደ ወልቂጤው ሆስፒታል ስትመለስ አንጓዋ ላይ ጣቶቹ በሰማያዊ ተጽፈው ነበር። በነርስ ልብሷ እጅጌ ትሸፍናቸው ነበር፤ አፍራ አይደለም፣ ሌላ ሰው እንዳያያቸው ሰስታ ነው። ከዚያ ደብዳቤ መጣ። የተረፈ ደብዳቤ ስለ ዝናብና ስለ ተማሪዎች ነበር፤ ግን የመጨረሻው ፊደል ጭራ እየረዘመ፣ እየረዘመ፣ ወረቀቱ ዳር ደርሶ ይጠፋል። እሷ ያንን ጭራ ስንብት የጨነቀው ሰው ምልክት አድርጋ ወሰደችው። አውጥታ ብትስመው ማን ይፈርድባታል?

ሽማግሌዎች ደግሞ ሌላ ሥራ ነበራቸው። ተረፈን ከዋርካ ሥር አስቀምጠው ጠየቁት፦ «አውቀህ ነው ወይስ ሳታውቅ?» አውቆ ከሆነ የጭሰኛ ልጅ ባላባት ደፍሯል፣ እናቱ መሬቱን ትለቃለች። ሳያውቅ ከሆነ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ያልቃል። ተረፈ ዝም አለ። ባልተናገረ ሰው ላይ ፍርድ አይሰጥም፤ ወር በወር ላይ አለፈ፤ ነገሩ እንደ ተንጠለጠለ፣ ወይዘሮ ዘርፈሽዋልም በመሬቱ ላይ እንደ ተንጠለጠለች ቀረ።

ባለፈው ሳምንት ተረፈ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የዓባይን ወንዝ ሲስል ሜዲትራንያን ሳይደርስ ወደቀ። ጠመኔውን ከእጁ ማስለቀቅ አቃታቸው። ስለ ልብ የሚያውቅ ሐኪም ወልቂጤ አለ ስለተባለ፣ በጭነት መኪና ጭነው በዚያ ጭቃ አመጡት።

ዶክተር ፈቃደ አልጋው አጠገብ ቆመው እጃቸውን ዘረጉለት። ጨበጠ። መልቀቅ አልቻለም። ዶክተሩ እጃቸውን ሳቡ፤ አልመጣም። ከዚያ ፊታቸው በደስታ በራ፤ ሐኪም ሌላው ሰው በሚያለቅስበት ነገር ደስ የሚለው ጊዜ አለ።

«አየሽ ሲስተር? እጁ አይፈታም! ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚጨርስ በሽታ ነው፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ። የያዘውን ቶሎ አይለቅም። ልቡም ውስጥ ገብቷል፤ ምቱን ቁጠሪው፣ ግማሹ የለም። ሐሙስ ሽቦ ወደ ልቡ አስገብተን በባትሪ እናስመታዋለን።»

ተናኘወርቅ ቴርሞሜትሩን እንደ ያዘች ቆማ ነበር።

«ዶክተር... ከመቼ ጀምሮ ይሆናል እጁ እንዲህ የሆነው?»

«ኧረ ከቆየ! ከጉርምስናው ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም።»

ወደ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገባች። ደብዳቤዎቹን አወጣች። እነዚያን ረጃጅም ጭራዎች ተራ በተራ አየቻቸው፤ ብዕር መልቀቅ ያቃተው እጅ የጎተታቸው መስመሮች ነበሩ። አላለቀሰችም። ማንም በሌለበት ቤት ውስጥ ለስምንት ወር ስታወራ እንደ ኖረች ሰው ብቻ በረዳት።

*

ሐሙስ ጠዋት፣ ዶክተሩ ሙዝ ሲገዙ፣ እሷ ተረፈን ለሥራው ታዘጋጅ ነበር። የተጠቀለለ ፋሻ እጁ ላይ አኖረች።

«ጨብጥ። ልቀቅ። ጨብጥ። ልቀቅ።»

«ተናኜ...»

«ሲስተር በለኝ። ደም ሥርህ እንዲወጣ ነው፣ ጨብጥ።»

መጀመሪያ ላይ ጣቶቹ እንደ ደረቀ ቆዳ እየተንቋቁ ይከፈቱ ነበር። ሲደጋግመው ላሉ። ዶክተሩ ነግረዋታል፤ ይህ በሽታ እንዲህ ነው፣ ደጋግሞ የሠራ እጅ ለጊዜው እንደ ማንኛውም ሰው እጅ ይሆናል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች ዓይኗን ከፋሻው ሳታነሣ። «ቡኢ ላይ የያዝከኝ አንተ ነህ ወይስ በሽታህ?»

ተረፈ ጣሪያውን አየ።

«የቱ ቢሆን ይሻልሻል?»

«እኔን መልሰህ አትጠይቀኝ! ስምንት ወር ሙሉ የሰው እጅ ነው ብዬ የደዌ እጅ ታቅፌ ተኝቻለሁ? አባባ ላጨልኝ ሰው እምቢ ያልኩት ለአንተ ብዬ ነው ወይስ ለጡንቻህ?»

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ገባች፤ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ለባላባት ልጅ እንደሚገባ ጎንበስ ብላ።

«እሜቴ ተናኙ፣ እግዜር ያክብርልኝ። እርስዎም ይለምኑልኝ። ግራዝማች እየመጡ ነው። ሳይናገር ቢሞት ነገሩ ወደ እኔ ይዞራል ብለዋል አሉ።» ወደ ልጇ ዞረች። «በላቸው ልጄ። ታምሜ ነው፣ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም በላቸው። ሐኪሙ ራሱ ይመሰክርልሃል! ጉርዳ አይደለም፣ በሽታ ነው ተብሏል፣ ከዚህ በላይ ምን ትሻለህ? አባትህን የቀበርንበትን መሬት ጥዬ ልሂድ?»

«እማዬ፣ ይበቃል።»

«ምኑ ነው የሚበቃው? ሁለት ቃል ናት እኮ!»

ተረፈ ፋሻውን ጨበጠ፤ ለቀቀው። እጁ ያለምንም ችግር ተከፈተ። ተናኘወርቅ አየችው፤ እና ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ፈራች።

*

የራጁን ክፍል መስኮቶች ከድሮ የሚባለው ሰው በብርድ ልብስ ደፈናቸው። ከድሮ የጄኔሬተሩ ሹም፣ የራጁ ሹም፣ ሲያስፈልግም የሆስፒታሉ ዘበኛ ነው፤ የመስቃን ሰው ነው፣ ዝም ማለት አይችልም።

«ቢስሚላህ። ዶክተር፣ መብራቱ ቢጠፋስ?»

«የራጁ ይጠፋል። የዚህች ሣጥን ግን በባትሪ ነው።»

ሣጥኗ የተናኘወርቅ ጉልበት ላይ ነበረች። ሁለት ቁልፍ አላት፤ አንዱ የኤሌክትሪኩን ጉልበት፣ ሌላው ፍጥነቱን ይቀይራል። ላይዋ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቀይ መብራት አለች። ግራ እጇ ከአንሶላው ሥር የተረፈን አንጓ ይዟል፤ ሥራዋ የደም ሥሩ ሲመታ «አለ»፣ ሲቀር «የለም» ማለት ነው። ተረፈ አልተኛም። ትከሻው ላይ ብቻ ተደንዝዟል።

ጨለመ። ማሽኑ አቃሰተ፤ ከተረፈ ደረት በላይ አንድ አረንጓዴ ብርሃን፣ ከረግረግ ላይ እንደሚነሣ ጭጋግ፣ ተነሣ። ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አየሁት» አሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ መሰለ። «ይነሣል... ይወድቃል... ከዚያ መነሣቱን ይረሳል።»

ሽቦው በትከሻው ደም ሥር ገብቶ ወደ ውስጥ ይሄድ ነበር። ዶክተሩ ሲሠሩ የመናገር ልማድ ነበራቸው፤ ሲፈሩ ደግሞ ይብስባቸዋል።

«ሌላ ሰው ቢሆን ቀላል ነው። የታችኛው ክፍል ጫፍ ላይ አኖረዋለሁ፣ ሰፍቼ ወደ ቤቴ። የዚህ ልብ ግን ቦታ ቦታው ላይ ሞቷል፣ ጡንቻው ስብ ሆኗል። የሞተ ቦታ ላይ ባኖረው ሰው ለሌለበት ቤት ማንኳኳት ነው። ደረቱን ከፍተን ከውጭ እንዳንሰፋው ደግሞ ማደንዘዣው አይለቀውም፤ እንዲህ ያለ ሰው ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ በየበሩ እየዞርን ማን እንዳለ እንጠይቃለን። ላይኛው ክፍል ነኝ። ሣጥኑን ክፈቺ።»

ቀይዋ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ አለች። ከተናኘወርቅ ጣቶች ሥር ምንም አልነበረም። ረጅም ጊዜ ቆይቶ አንድ ምት መጣ፤ ግን መብራቷን ሰምቶ የመጣ አይደለም፣ በራሱ ጉዳይ የመጣ ነው።

«የለም።»

«ጨምሪ።»

«ጨምሬያለሁ። የለም።»

«ፎቁ ባዶ ነው» አሉ ዶክተሩ ቀስ ብለው። «ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ልብ እየመታ ግማሹ እንዲህ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም። እንውረድ።»

ጫፉ ላይ ሞከሩ። መብራቷ ጠራች፤ ማንም አልወጣም። ጎን ላይ ሞከሩ፤ የለም። ተናኘወርቅ በልጅነቷ የሰማችው የጉርዳ ቤት ትዝ አላት፤ በጨለማ ውስጥ ደጅ በደጅ እየዞረች የወደቁትን ወንዶች በስማቸው የምትጠራ መሰላት። አያት። አባት። ሳቁን ያልጨረሰው አጎት።

«አለ!» ብላ ጮኸች በድንገት። «ዶክተር፣ አለ! መልሷል!»

በእያንዳንዷ ብልጭታ አንድ ምት፣ ወፍራም፣ ታዛዥ ምት ይመጣ ነበር። ጉልበቱን ብትቀንስም ይመጣል። ግን ከምቱ ጋር የተረፈ ሆድ አንሶላውን እየገፋ ይዘል ጀመር።

«ያ አላህ!» አለ ከድሮ። «ሆዱ ውስጥ ሰው አለ!»

«አይሆንም» አሉ ዶክተሩ። «ልነቅለው ነው።»

«ምን? መልሷል እኮ! እዚህ ይሁን ዶክተር፣ በማርያም!»

«ከጎረቤት ያለውን የሆድ ጡንቻ ካስዘለለ ግድግዳው ስስ ነው ማለት ነው። ዛሬ ይመልሳል፣ ከርሞ ሽቦው በስቶት ይወጣል። ዛሬ ብቻ የሚመልስ ቦታ አይደለም የምፈልገው፤ በሽታው ሲጨምርም የሚቆይ ነው።»

ነቀሉት።

የተረፈ ልብ ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆመ።

ድምፅ የለውም። ብዙ ሰው ልብ ሲቆም አንድ ነገር የሚሰማ ይመስለዋል። ጄኔሬተሩ ያጓራል፣ ማሽኑ ያቃስታል፣ ከበሩ ውጪ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ማርያምን ትጠራለች፤ ከአንሶላው ሥር ብቻ አንድ አንጓ አለ፣ ሞቃት፣ የማንም ያልሆነ።

«የለም» አለች ተናኘወርቅ። «የለም። የለም። ዶክተር፣ የለም!»

«መካከለኛው ግድግዳ፣ ከፍ ብሎ» አሉ ዶክተሩ ለራሳቸው። «እዚያ ወፍራም ነው... እዚያ ካልሞተ... ያዘ። ሙሉውን ክፈቺ!»

ከፈተች። ብልጭ። ብልጭ።

አለ።

ራሷን ነቀነቀች፤ በጨለማ ማን ሊያያት። «አለ» አለች በመጨረሻ። ሆዱ አልዘለለም።

«አሁን ቀንሺ።»

«አልቀንስም።»

«ሲስተር፣ በስንት ጉልበት እንደሚጠፋ ካላወቅን ማኖር አንችልም። በትንሽ ከመለሰ ሕያው ቦታ ነው። ቀንሺ።»

ቀነሰች፤ ምቱ ተከተላት። ቀነሰች፤ ተከተላት። ቁልፉ ወደ መጨረሻው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው እንኳን፣ ሹክሹክታ ሲሆን እንኳን፣ ያ ግድግዳ መለሰ። ከዚያ አንድ ፀጉር ያህል ስታልፍ ጠፋ፤ ስትመልሰው ተመለሰ።

«እዚህ ነው» አሉ ዶክተሩ፣ እንደ ልጅ ተነፈሱ። «እዚህ ይኖራል። እስቲ ፍጥነቱን ጨምሪው።»

ጨመረች፤ የተረፈ ልብ ፈጠነ። ቀነሰች፤ ረጋ። ሰው እጅ ውስጥ መግባት የሌለበት ነገር በእጇ ነበር። ቁልፉን ማዞር ትችላለች፤ ማዞር ብቻ።

ከዚያ ከጨለማው ውስጥ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ፣ የተረፈ ድምፅ መጣ፦

«ተናኜ... አሁን የሚመታው ማነው?»

ሲስተር በለኝ አላለችውም።

«እኔ ነኝ» አለች።

*

ከድሮ ብርድ ልብሶቹን ሲገልጥ ብርሃኑ ሁሉንም ሌባ አስመሰላቸው። ዶክተሩ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የምታህለውን ባትሪ ከአንገቱ አጥንት ሥር ሰፍተው፣ ከሽቦው ጋር አገናኝተው፣ የተናኘወርቅን ሣጥን አጠፉ። ልቡ ያለ እሷ ቀጠለ። እሷ ግን እጇን ከአንሶላው ሥር ገና አላወጣችም፤ ሥራዬን አልጨረስኩም ብላ ራሷን ዋሸች።

በሩን ያንኳኳ አልነበረም። ግራዝማች ሀብተጊዮርጊስ የሚገቡበትን በር አያንኳኩም። ካባቸውን እንደ ለበሱ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ገቡ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከኋላቸው ግድግዳ ላይ ተለጠፈች።

«ይኖራል?» አሉ ዶክተሩን።

«እግዜር ካለ ይኖራል፣ ግራዝማች። እንኳን መጡ። እኔም የምነግርዎ አለ። የዚህ ልጅ እጅ ታሟል። የያዘውን ለመልቀቅ ይቸገራል፤ ንቀት አይደለም፣ በሽታ ነው። ፈርም ካሉኝም እፈርማለሁ።»

የግራዝማች ልብ እንዳረፈ ከትከሻቸው አወራረድ ታወቀ፤ ለካ እሳቸውም ስምንት ወር ሙሉ ከባድ ነገር ተሸክመው ኖረዋል። ልጃቸውን የደፈራት ሰው የለም ማለት ነው። ልጃቸውን የወደዳትም ሰው የለም ማለት ነው። ሁለቱም ተስማማቸው።

«መልካም» አሉ። «እንግዲያው ከራሱ አፍ ልስማና ነገሩ ይለቅ። ታምሜ ነው ይበል። ቂም የለኝም፤ እናቱም በቦታዋ ትኑር። በል ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ ይሰማሉ። በሽታ ነው?»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ዶክተሩ ፈገግ ብለው ጠበቁ። ተናኘወርቅ አባቷን አላየችም፤ ተረፈንም አላየችም። የምታየው የአንሶላውን ጥልፍ ነበር።

ከአንሶላው ሥር የተረፈ እጅ አንጓዋ ላይ ነበር፤ በጨለማው ውስጥ መቼ እንደ ያዛት አታውቅም። አሁን ተከፈተ። አውራ ጣቱ፣ ከዚያ ሌሎቹ፣ ሳይንቀጠቀጡ፣ ሳይንቋቁ፣ ሙሉ በሙሉ ተከፈቱ። አንጓዋ ነፃ ሆነ። መሄድ ትችላለች። አንድ ትንፋሽ ያህል እንደዚያው ተከፍቶ ቆየ፣ መልቀቅ እንደሚችል እንድታውቅ።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት፣ ያዛት።

ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ። ማንም አላየም።

«ተናገር እንጂ!» አሉ ግራዝማች። «በሽታ ነው ወይስ አይደለም?»

«አልናገርም፣ ግራዝማች።»

«ለምን አትናገርም?»

«እሱንም አልናገርም።»